የፒኤችዲ ተማሪዎችን ተሞክሮ ለማጥናት፦ ስንት ሰው፣ ምን ጥያቄ፣ ያቋረጡትንስ ከየት?

ወለላ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የፒኤችዲ ፕሮፖዛሌን እያዘጋጀሁ ነው። ላጠና ያሰብኩት በአንድ አንጋፋ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ያሉ የዶክትሬት ተማሪዎች ኮርስ ጨርሰው ዲሰርቴሽን እስኪያስረክቡ ያለውን ጊዜ እንዴት እንደሚያልፉት ነው። እስካሁን የያዝኩት ዕቅድ ይህ ነው። ከአምስት ኮሌጆች አሁን በመማር ላይ ያሉ 15 ተማሪዎችን በቃለ መጠይቅ አነጋግራለሁ፤ ጎን ለጎን ለ200 ያህል ተማሪዎች መጠይቅ እበትናለሁ፤ መጠይቁ ውስጥ የድብርት መለኪያ አስገባለሁ። የቃለ መጠይቁ የመጀመሪያ ጥያቄ «በጥናትዎ ወቅት ያጋጠሙዎት ዋና ዋና ችግሮች ምንድን ናቸው?» የሚል ነው።

ያልጠሩልኝ ነገሮች አሉ። 15 ሰው ይበቃል? ያቋረጡትንም አካትቺ የሚሉኝ አሉ፤ ግን ከየት አገኛቸዋለሁ? ቃለ መጠይቁ በአማርኛ ነው፣ ዲሰርቴሽኑ ግን በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ኮድ የማደርገው (ማለትም ሐሳቦቹን እየለየሁ ስያሜ የምሰጠው) የትኛውን ነው? እኔም እዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ይህስ ችግር ያመጣ ይሆን?

መዝገብ

ወለላ፣ ሌላውን ሁሉ ብትተዪ እንኳ ያቋረጡትን አትተዪ። አሁን የሚማሩትን ብቻ ብታነጋግሪ የምታገኚው ችለው የቆዩ ሰዎችን ተሞክሮ ነው። ስድስተኛ ዓመቱን የያዘ ተማሪ «ከባድ ነው፣ ግን ይቻላል» ይልሻል። በሁለተኛው ዓመት ጥሎ የወጣው ሰው የሚያውቀውን ነገር እሱ አያውቀውም።

ይህ መስክ ራሱ የተለወጠው ያቋረጡትን መጠየቅ ሲጀመር ነው። ባርባራ ሎቪትስ አሜሪካ ውስጥ በሁለት ዩኒቨርሲቲዎች የጨረሱትንና ያቋረጡትን ጎን ለጎን አጥንታ በ2001 እ.ኤ.አ. ስታሳትም፣ የወጡት በችሎታ ከጨረሱት የሚያንሱ ሆነው አልተገኙም። ክሪስ ጎልዲ በ2005 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው በአንድ ዩኒቨርሲቲ ከአራት ትምህርት ክፍሎች፣ ማለትም ከባዮሎጂ፣ ከጂኦሎጂ፣ ከእንግሊዝኛና ከታሪክ የወጡ 58 ሰዎችን አነጋግራ ነው። ሱዛን ጋርድነር ደግሞ በ2009 እ.ኤ.አ. የ60 ተማሪዎችንና የ34 መምህራንን መልስ ስታስተያይ፣ መምህራኑ በአብዛኛው ጉድለቱን ተማሪው ላይ ሲያዩት ተማሪዎቹ ግን የግል ሕይወትንና ትምህርት ክፍሉን አንሥተዋል። ስለዚህ አማካሪዎችንም ጥቂት ብታነጋግሪ ጥሩ ነው፤ አንዱ ወገን ብቻውን ሙሉውን አይሰጥሽም።

ማግኘቱን በተመለከተ መጀመሪያ «ያቋረጠ» ማለት ማን እንደሆነ ወስኚ። እኛ ዘንድ ደብዳቤ ጽፎ የሚወጣ ጥቂት ነው፤ ብዙው ዝም ብሎ መመዝገብ ያቆማል። ለምሳሌ «በተከታታይ ሁለት ሴሚስተር ያልተመዘገበና ያልተመረቀ» ብለሽ ወስነሽ ጻፊና ከዚያ ንቅንቅ አትበዪ። ቀጥሎ ሁለት ወይም ሦስት የመግቢያ ዓመቶች ምረጪ፤ በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. የገቡትን እንበል። ከሬጅስትራር የምትጠይቂው ስም ሳይሆን ቁጥር ነው፦ ስንት ገቡ፣ ስንት ተመረቁ፣ ስንት አሁንም ይመዘገባሉ፣ ስንቶቹ የት እንዳሉ አይታወቅም። ይህች አራት ዓምድ ያላት ሠንጠረዥ ብቻዋን አንድ ምዕራፍ ታሳርፍሻለች፤ እዚህ አገር ባሉ ጥናቶች ብዙ ጊዜ የምትጎድለውም እሷ ናት።

ስልክ ቁጥር ከሬጅስትራር አትቀበዪ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ ከአዋጁም በፊት የሥነ ምግባር ኮሚቴው ይህን አያሳልፍልሽም። የሚሠራው መንገድ የግብዣ ደብዳቤውን አንቺ ጽፈሽ የድኅረ ምረቃ ጽሕፈት ቤቱ እንዲልክ ማድረግ ነው፤ የፈለገ ሰው በቀጥታ ለአንቺ ይመልሳል። ደብዳቤው ላይ «ላቋረጡ ተማሪዎች» ብለሽ እንዳትጽፊ። ራሱን እንዳቋረጠ የማይቆጥር ሰው ብዙ ነው፤ «ለጊዜው አቁሜያለሁ» ነው የሚለው። «በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. ለገቡ» በዪ፤ ከሁሉም ዓይነት ሰው ይመልስልሻል፣ ከዚያ አንቺ ትለያቸዋለሽ። በደብዳቤ የሚመጣው ጥቂት ስለሚሆን ሁለተኛው መንገድ ሰው በሰው ነው። ግን ከአንድ ሰው ብትነሺ የአንድ ጓደኛ ቡድን ብቻ ሰብስበሽ ትቀሪያለሽ። ቢያንስ አራት የማይተዋወቁ ሰዎች ጋር ጀምሪ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ተልከው የሚማሩ መምህራን የአገልግሎት ግዴታ ውል ፈርመው ነው የሚመጡት። ትምህርቱን ያቋረጠ ሰው ስሙ ከወጣ ክፈል እባላለሁ ብሎ ይፈራል፤ ፍርሃቱም መሠረት አለው። ለእነዚህ ሰዎች የተፈረመ የፈቃድ ወረቀት ራሱ አደጋ ስለሆነ፣ ፈቃዳቸውን በድምፅ ብቻ እንድትቀበዪ ኮሚቴውን ከመጀመሪያው አስፈቅጂ። ውጭ አገር የቀሩም ይኖራሉ፤ በቴሌግራም ወይም በዙም ማነጋገርሽን በዚያው ማመልከቻ ጥቀሺ፣ አለበለዚያ መሐል ላይ እንደገና ማሻሻያ ልታስገቢ ነው።

ጎህ

እኔ ስለ ጥያቄዎቹ ልናገር። «ዋና ዋና ችግሮች ምንድን ናቸው?» የሚለውን አውጪው። የሚመጣልሽን መልስ ከአሁኑ ልነግርሽ እችላለሁ፦ ገንዘብ፣ ኢንተርኔት፣ የአማካሪ ጊዜ ማጣት፣ የላቦራቶሪ ዕቃ። 15 ሰው ጠይቀሽ 15 ጊዜ ያንኑ ዝርዝር ይዘሽ ትመለሻለሽ፤ ዝርዝሩ ውሸት ሆኖ ሳይሆን፣ ሰው ለስብሰባ የሚያዘጋጀው ዓይነት መልስ ስለሆነ።

በምትኩ የተፈጸመ ነገር ጠይቂ። «ለአማካሪህ መጨረሻ የላክኸው ጽሑፍ የቱ ነው? መቼ ላክኸው? በስንት ቀን መለሱልህ? ምን ይላል?» አራቱም በቀንና በገጽ የሚመለሱ ናቸው። ፈቃደኛ ከሆነ ጽሑፉን ይዞ እንዲመጣ አድርጊ። ኅዳግ ላይ «ግልጽ አይደለም» ብቻ የተጻፈበት 40 ገጽ ፊት ለፊታችሁ ሲቀመጥ፣ ስለ አማካሪ ድጋፍ በቃል ሊነግርሽ ከሚችለው በላይ ታገኚያለሽ። ሌላው የሚጠቅም ጥያቄ «ዲሰርቴሽኑን መጨረሻ የነካህበት ቀን እንዴት ዋለ?» ነው። ሊን መካልፓይንና ባልደረቦቿ ካናዳ ውስጥ ተማሪዎች የሳምንት ውሏቸውን እንዲመዘግቡ አድርገው ነበር ያጠኑት፤ አንቺም ለተወሰኑት ለአራት ሳምንት እሑድ ማታ በቴሌግራም አምስት አጭር ጥያቄ ልትልኪ ትችያለሽ።

ከጥያቄዎቹ በፊት ባዶ ወረቀት አቅርበሽ ከገባበት ቀን እስከ ዛሬ አንድ መስመር እንዲያሰምርና ክስተቶቹን እንዲያስቀምጥ አድርጊ። መጋቢት 2012 ትምህርት የተዘጋበት፣ ጥቅምት 2013 ጦርነቱ የጀመረበት ወረቀቱ ላይ ሲሰፍር፣ የመስክ ሥራው ለምን አንድ ዓመት እንደዘገየ ራሱ ያይና ይተርክልሻል። ቀኑን በየትኛው አቆጣጠር እንደሚናገር ወዲያው አረጋግጪ። «በ2012 ገባሁ» ያለ ሰው በእኛ ከሆነ 2019 ወይም 2020 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሳንድዊች ፕሮግራም (ከፊሉን እዚህ፣ ከፊሉን ውጭ አገር የሚማሩበት) ላይ የነበረ ሰው ደግሞ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሁለቱንም ይቀላቅላል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው የሚደመረው።

አሁን አማርኛ ላይ ብቻ የሚገኝ ነገር። አንቱታን ተከታተዪ። መጀመሪያ ላይ «አማካሪዬ ሥራ ይበዛባቸዋል» ያለ ሰው፣ ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ «ኢሜይል አይመልስም» ይላል። አንቱታው የወደቀበት ቦታ ላይ ሰውየው የተሰማውን ነው መናገር የጀመረው። ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎም ሁለቱም አንድ ይሆኑና ነገሩ ይጠፋል። «ተባለ» ሲሉሽም ዝም ብለሽ አትለፊ። «ፕሮፖዛሉ ይስተካከል ተባለ» ማን አለ? አማካሪው፣ የትምህርት ክፍሉ ኮሚቴ ወይስ ገምጋሚው? ሦስቱ ሦስት የተለያየ ግኝት ናቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው» ብሎ የጀመረም ሰላምታ ነው የሰጠሽ፤ መልስ አድርገሽ እንዳትመዘግቢው። «ይሉኝታ ያዘኝ» የሚል ደግሞ በተደጋጋሚ ይመጣል፦ አማካሪውን ለሁለተኛ ጊዜ ማስታወስ ያልቻለበት ምክንያት እሱ ነው። ይሉኝታን እንግሊዝኛው ጽሑፍ ውስጥ እንዳለ አስቀምጪና በአንድ አንቀጽ አብራሪው እንጂ «ሀፍረት» ብለሽ አትተርጉሚው።

ዋርካ

ስለ ቁጥሩ። አምስት ኮሌጅ፣ 15 ሰው ማለት ለአንድ ኮሌጅ ሦስት ሰው ነው። በዚያ ላይ ዓመትና ጾታ ሲጨመርበት እያንዳንዱ ሰው ብቻውን አንድ ምድብ ይሆናል። በዚህ ዓይነት ማነጻጸር አይቻልም።

ብዙ ሰው «12 ይበቃል» የሚለው ከ2006ቱ (እ.ኤ.አ.) የጌስት፣ የበንስና የጆንሰን ጽሑፍ ተነሥቶ ነው። እነሱ በጋናና በናይጄሪያ ካሉ ሴቶች ጋር ከተደረጉ 60 ቃለ መጠይቆች ተነሥተው አዲስ ጭብጥ መምጣት ያቆመው በመጀመሪያዎቹ 12 ውስጥ ነው አሉ። ነገር ግን ተመሳሳይ ሰዎች ነበሩ፣ ጥያቄውም አንድ ዓይነት ነበር። የአንቺ አይደለም። እኔ የምመክረው ሁለት ኮሌጅ ብቻ ነው፤ አንዱ ላቦራቶሪ ያለው፣ አንዱ ብቻ ተቀምጦ የሚጻፍበት፤ የተማሪው ቀን በሁለቱ ፈጽሞ ስለሚለያይ። ከዚያ ስምንት በመማር ላይ ያሉ፣ ስምንት ባለፉት ሁለት ዓመታት የጨረሱ፣ ስምንት ያቋረጡ። 24 ሰው። በመማር ላይ ካሉት አራቱን ከስድስት ወር በኋላ ድገሚ።

መጠይቁን ተዪው። 200 ሰው መበተን፣ መሰብሰብ፣ ማስገባትና መተንተን ሌላ ጥናት ነው። «በድብርት የተያዙት ይህን ያህል በመቶ ናቸው» ብለሽ ብትጽፊም ከማን ጋር ሲነጻጸር ነው? ሌቬክና ባልደረቦቿ በቤልጅየም ፍላንደርስ 3,659 የዶክትሬት ተማሪዎችን ባጠኑበትና በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመው ሥራ፣ ቁጥሩ ትርጉም ያገኘው ከሌሎች ከፍተኛ ትምህርት ካላቸው ሰዎች ጋር ስላስተያዩት ነው።

የግድ ካልሽ ፒኤችኪው-9 የሚባለው ዘጠኝ ጥያቄ ያለው የድብርት መለኪያ በአማርኛ አዲስ አበባ ውስጥ በሆስፒታል ተመላላሽ ታካሚዎች ላይ ተፈትሾ በ2013 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ ከ0 እስከ 27 ይደመራል፣ 10 እና ከዚያ በላይ ድብርት ሊኖር ይችላል የሚባልበት መነሻ ነው። ግን ዘጠነኛው ጥያቄ ራስን ስለመጉዳት ነው። ስም የሌለው መጠይቅ ላይ «በየቀኑ ማለት ይቻላል» ብሎ ያከበበውን ሰው ማን ብለሽ ትፈልጊዋለሽ? ወይ ያንን ጥያቄ የሌለውን ስምንት ጥያቄ ያለውን ቅጽ ተጠቀሚ፣ ወይም ሰውን የምታገኚበትና ለባለሙያ የምታስተላልፊበት መንገድ አስቀድመሽ አዘጋጂ። ይህ የወረቀት ጉዳይ አይደለም፤ የሰው ሕይወት ነው።

ወለላ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ጠራልኝ። መጠይቁን አውጥቼዋለሁ። 24 ሰው ሲባል ግን ድምፁን መገልበጡ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ሶፍትዌሮቹስ አማርኛ ያነባሉ?

ሰሌዳ

ሒሳቡን እንሥራው። 24 ሰው በአማካይ 75 ደቂቃ 30 ሰዓት ድምፅ ነው። አራቱ ሲደገሙ 35 ሰዓት። አንድ ሰዓት አማርኛ ንግግር በእጅ ሲገለበጥ፣ ጥሩ የሚተይብ ሰው ቢሆን ከ5 እስከ 8 ሰዓት ይወስዳል። 6 ብንይዝ 210 ሰዓት ሆነ። በቀን አምስት ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን ከሠራሽ ስምንት ሳምንት ተኩል ገደማ። ፕሮፖዛልሽ ላይ ሦስት ወር ያዢ። ቃለ መጠይቅ ባደረግሽ ማግስት መገልበጥ ጀምሪ፤ 24ቱን አጠራቅመሽ ከተቀመጥሽ የመጀመሪያው ጥያቄሽ ላይ የነበረውን ስሕተት 24 ጊዜ ደግመሽ ነው የምታገኚው። ድምፁን ኢንተርኔት ላይ ለሚገለብጥ አገልግሎት መጫን ደግሞ ተሳታፊው ካልፈቀደ አይሆንም። ድምፅ ሰውን ይለያል።

ኮድ የሚደረገው አማርኛው ነው። ወደ እንግሊዝኛ የምትተረጉሚው ዲሰርቴሽኑ ውስጥ የምትጠቅሽውን ብቻ ነው፤ ምናልባት 80 ወይም 100 ጥቅስ። ሙሉውን መጀመሪያ ተርጉመሽ እንግሊዝኛውን ኮድ ካደረግሽ የተረጎምሽበትን አማርኛ ትረሺዋለሽ፣ ጎህ ያለችው አንቱታም እዚያው ይቀራል። የኮድ ስሞቹንም በአማርኛ ጀምሪ። «መልስ ጥበቃ»፣ «ሁለተኛ አለማስታወስ»፣ «ለቤተሰብ መደበቅ» የሚሉ ኮዶች ከ«የአማካሪ ችግር» ይልቅ ብዙ ይሸከማሉ።

ኤንቪቮ፣ ማክስኪውዲኤ፣ አትላስቲአይ የሚባሉት የትንተና ሶፍትዌሮች የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ያነባሉ። ነጻ ከሆኑት ታጌት እና ኳልኮደር አሉ፤ ኮምፒውተርሽ ላይ ጭነሽ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ከትምህርት ክፍል የምታገኚያቸው የቆዩ መመሪያዎችና ቃለ ጉባኤዎች ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግእዝ ፎንቶች የተተየቡ ከሆኑ ሶፍትዌሩ ውስጥ ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ሆነው ነው የሚታዩት። እንደገና ማስተየብ ነው።

የቃል ድግግሞሽ ቆጠራን አትመኚበት። «አማካሪዬ»፣ «ከአማካሪዬ»፣ «ለአማካሪው»፣ «አማካሪያችንን» ለማሽኑ አራት የተለያየ ቃል ናቸው። ሲፈለግ «አማካሪ» ብቻ ቢጻፍ ደግሞ አራቱንም ያገኛቸዋል፣ ግን «ያማክረኛል»ንና «ምክር»ን ያልፋቸዋል፤ ሥሩ አንድ ሆኖ ፊደሉ ስለሚለዋወጥ። ከዚያ የፊደሎቹ ጉዳይ አለ፦ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ። አንድ ቀን «ጽሑፍ»፣ በማግስቱ «ፅሁፍ» ብለሽ ከገለበጥሽ ፍለጋው ግማሹን ያልፈዋል። ሁለት ቅጂ ያዢ። አንደኛው እንደተገለበጠ የሚቀመጥ ነው፤ ሁለተኛው ለፍለጋ ብቻ ሲሆን ሞክሼዎቹ ሁሉ ወደ አንድ ፊደል የተቀየሩበት ነው፤ በወርድ «ፈልግና ተካ» በአሥር ደቂቃ ያልቃል። አራት ነጥቡንም በ። እንጂ በሁለት ኮሎን አትተይቢ፣ የዐረፍተ ነገር መለያው ይዛባል።

የትንተናውን ዘዴ በተመለከተ የብራውንና የክላርክን ጭብጥ ትንተና የምትጠቀሚ ከሆነ የ2006ቱን (እ.ኤ.አ.) ስድስት ደረጃ ብቻ ጠቅሰሽ አትቁሚ፤ ራሳቸው ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባወጧቸው ጽሑፎች ብዙ ነገር አስተካክለዋል፤ «ሙሌት» (አዲስ ጭብጥ መምጣት ሲያቆም ይበቃል) የሚለውንም ለዚህ ዘዴ አይመጥንም ብለዋል። ፈታኝ ይይዝሻል።

መዝገብ

ስለ ራስሽ ቦታ የጠየቅሽው ሳይመለስ እንዳይቀር። የራስሽን ትምህርት ክፍልና አማካሪሽ የሚያማክራቸውን ተማሪዎች ሙሉ በሙሉ አስወጪ። ተማሪ መሆንሽ ብዙ በር ይከፍትልሻል፤ ጉዳቱ ሰዎች «አንቺ ታውቂዋለሽ» ብለው ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ መተዋቸው ነው። ያን ጊዜ «አውቀው ይሆናል፣ ግን በአንተ ቃል ንገረኝ» ማለት ልመጂ።

ከሁሉ የሚከብደው ምስጢር መጠበቁ ነው። በአንድ ትምህርት ክፍል ስድስት የዶክትሬት ተማሪ ካለ የሐሰት ስም መስጠት ምንም አይሸፍንም። «ትዕግሥት፣ ሴት፣ በ2010 የገባች፣ ሁለት ልጆች ያሏት፣ የመስክ ሥራዋን አፋር ያደረገች» ብለሽ ከጻፍሽ ትምህርት ክፍሉ ውስጥ ያለ ማንም ሰው በስሟ ይጠራታል። ዲሰርቴሽንሽን የሚያነቡትና የሚፈትኑት ሰዎች ደግሞ የእነዚህ ተማሪዎች አማካሪዎች ሊሆኑ ይችላሉ።

ወለላ (ጠያቂ)

እሱ ነው ያስጨነቀኝ። ፈታኞች ግን የተሳታፊዎች ሠንጠረዥ የት አለ ይላሉ። ዕድሜ፣ ጾታ፣ የገባበት ዓመት፣ ትምህርት ክፍል፣ ሁሉም በየሰዉ።

መዝገብ

በየሰዉ የሚሄድ ሠንጠረዥ አታውጪ። በየዓምዱ የሚደመር አውጪ፦ ሴት 9፣ ወንድ 15፤ በመማር ላይ 8፣ የጨረሱ 8፣ ያቋረጡ 8፤ የመግቢያ ዓመት ከ2006 እስከ 2008 ስንት፣ ከ2009 እስከ 2011 ስንት። ትምህርት ክፍል አይጻፍ፣ ኮሌጅም «ላቦራቶሪ ያለው» እና «የሌለው» ተብሎ ብቻ ይጠቀስ። ቁጥሩ ከሦስት በታች የሆነ ምድብ ካለ ከጎረቤቱ ጋር አዋህጂው። ለምን እንዲህ እንዳደረግሽ በዘዴ ምዕራፉ ላይ አንድ አንቀጽ ጻፊ፤ ፈታኙ ሲጠይቅ ገጹን ታሳዪዋለሽ።

የአንድ ሰው ጥቅሶች ሁሉ በአንድ ስም ሥር ከተሰበሰቡ አንባቢ ገጣጥሞ ይደርስበታል። አደጋ ያለበትን ጥቅስ ያለ ስም «አንድ ያቋረጠ ተሳታፊ» ብለሽ ለብቻው አስቀምጪ። ከመታተሙ በፊት ለእያንዳንዱ ሰው እሱ የተጠቀሰበትን ክፍል ብቻ ልከሽ ሁለት ሳምንት ስጪው፤ «ይህን አውጪልኝ» ካለ ይውጣ፣ ምንም ያህል ጥሩ ጥቅስ ቢሆን። ስምና ቁጥር የሚያገናኘው ዝርዝር ወረቀት ላይ ይሁን፣ ከድምፁ ጋር አንድ ኮምፒውተር ውስጥ አይቀመጥ። የድምፁ ፋይል ስም «ቃ07» ብቻ ይሁን እንጂ ቀኑና ትምህርት ክፍሉ አይጻፍበት። ስልክሽ ላይ የምትቀርጪ ከሆነም ፎቶና ድምፅ ወደ ኢንተርኔት ራሱ እንዳይጭን ቅንብሩን ከመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ በፊት አጥፊው።